ባህሩ የመረጠው በር

ይድረስ ጅዳ ላለኸው ወንድሜ ባህሩ፣

አሰላሙ አለይኩም፤ ሰላምታዬ ከመካነ ሰላም ከነብርዱ ይድረስህ። አባባም እኔም አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። ደህና ያልሆነው አንተ ከስልክ ላይ የመረጥከው ተጣጣፊ የመስታወት በር ነው።

ከሳሎኑ ጋር ለቀጠልነው ክፍል ተራ የብረት በር ይበቃል ብዬህ ነበር። ይኸው ሠራተኛው በሩ የሚሄድበትን የብረት ሀዲድ አጣሞ ተከለውና አራቱ መስታወት አልገጥም ብለው በየፊናቸው ያያሉ። «ክረምቱ ሲወጣ ይስተካከላል» ይለኛል፤ ብረት እንደ ጭቃ የሚደርቅ ይመስል!

አባባ ዙሁር ሰግደው ሲመለሱ በአራቱም መስታወት ከነጥምጣማቸው ይታያሉ። ቆመው ሰላምታ ይሰጡና መልስ ይጠብቃሉ። ትናንት «አራት እንግዳ ደጅ አቁመሽ ምን ትሠሪያለሽ? ምሳ አቅርቢ እንጂ!» ብለው ተቆጡኝ። ጥፋቱ የመስታወቱ ነው፤ ከመጠን በላይ ያንጸባርቃል። በሩን አጣጥፌ ብሰበስበው ደግሞ «እንግዶቼን አባረርሽ» ብለው ምሳ ሳይበሉ ዋሉ።

እባክህ ወፍራም መጋረጃ ላክልኝ።

አላህ ለዒድ በሰላም ያገናኘን። ስትመጣ ግን የመስታወቱን በር ተወውና በጓሮ ግባ። አባባን ከመሳምህ በፊትም ስምህን ንገራቸው።

እህትህ ፊርደውስ