መስመር የማይታይበት እጅ፦ የፀጉር አስተካካዩ የአቶ ስዩም ገበየሁ የሕይወት ታሪክ

አቶ ስዩም ገበየሁ ከአባታቸው ከአቶ ገበየሁ አራጋውና ከእናታቸው ከወ/ሮ እታፈራሁ ይመር በ1947 ዓ.ም. በሐብሩ ወረዳ፣ ግራና ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል እዚያው ተምረው፣ ወልድያ የፀጉር ማስተካከል ሙያ ቀስመው፣ በ1969 ዓ.ም. መርሳ ላይ የራሳቸውን ፀጉር ቤት ከፈቱ። በ1975 ዓ.ም. ከወ/ሮ የሻረግ ካሳው ጋር በተክሊል ተጋብተው አብርሃምንና ናርዶስን ወለዱ።

ሙሽራውም፣ ችሎት ሊቀርብ ወልድያ የሚሄደውም በእሳቸው እጅ ሳያልፍ አይሄድም ነበር። ከወንበራቸው የተነሣ ሰው ራሱም ሆዱም ቀሎት ይወጣል።

ስልሳ ዓመት ሲሞላቸው ወጣቶች የስልክ ፎቶ እያሳዩ «ፌድ ይሥሩልን» ማለት ጀመሩ። ከማጅራት ባዶ ተነሥቶ ወደ ላይ ቀስ እያለ የሚወፍር፣ ድንበሩ የማይታይ ቁርጥ ነው። እኩዮቻቸው ሲያጣጥሉት እሳቸው ቁጭ ብለው ተማሩት። የእንግሊዝኛ አስተማሪውን መምህር ኣማኒኤልን እያስተካከሉ የቃሉን ዘር ጠየቁ። መምህሩም ፀሐይ የመጠጠውን የመጋረጃ ቀለም፣ እየራቀ የሚሄድን ዘፈን፣ የሚደክምን ጉልበትም እንግሊዞች በዚሁ ቃል እንደሚጠሩ፣ ከፈረንሳዮች እንደወሰዱት፣ እዚያም የገረጣና ጣዕም የሌለው ማለት እንደነበር አስረዱ።

«ጨው የጎደለው ወጥ ነው በለኛ» አሉ አቶ ስዩም። «እኛ ቤት ግን ጨው ወጡ ውስጥ ሲጠፋ ነው የሚጣፍጠው።»

መምህሩ ለመሳቅ ማሽኑ ከማጅራታቸው እስኪነሣ መጠበቅ ነበረባቸው።

በ2011 ዓ.ም. ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሙያውን ከእሳቸው የተማረችው ናርዶስ ነበረች፤ ወንዶቹ ግን በሴት እጅ አንስተካከልም አሉ። ቤቱ እንዳይዘጋ፣ ልጃቸውም ሙያዋን ይዛ እንዳትቀር ተጨነቁ። አልተከራከሩም። መጀመሪያ ደንበኛው በመስታወት የማያየውን ማጅራቱን ብቻ ሰጧት። ከወራት በኋላ በጆሮ ግንድ በኩል ያለውን፣ ቆይተውም አናቱን ለቀቁላት፤ እሳቸው ማበጠሪያ ይዘው ጨዋታውን ቀጠሉ።

«ራሴን ሴት አትነካውም» ብለው የማሉት የጭነት መኪና ሾፌሩ አቶ ሞገስ ነበሩ፤ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ወዲያው ያንቀላፋሉ። በ2015 ዓ.ም. አንድ ቀን በመሀል ነቁና ናርዶስን ማሽን ይዛ አገኟት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው አንቺ የምትሠሪኝ?»

«ሁለት ዓመት አለፈ፣ ጋሼ።»

«ስዩም፣ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ ትነሣ ነበራ» አሉ አቶ ስዩም ከአግዳሚው ላይ።

አቶ ሞገስ መስታወቱን ትክ ብለው አዩ፤ ግራ ቀኝ ዞረው አዩ። ከዚያ «ጨርሺኝ» አሉና ዐይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያች ቀን ወዲህ በቤቱ ስለ ሴት እጅ የጠየቀ የለም።

ሕመሙ መላ አካላቸውን ሲይዝ አቶ ስዩም አልጋ ላይ ዋሉ። ባለፈው ዓርብ ናርዶስ አስተካከለቻቸው። የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን ከማጅራታቸው ወደ ላይ አሳለፉ፤ መለሱት፤ ደግመው አሳለፉት። «መስመሩ የታለ?» አሏትና ፈገግ አሉ።

ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በ71 ዓመታቸው ዐረፉ። ከባለቤታቸው ከወ/ሮ የሻረግ፣ ከሁለቱ ልጆቻቸውና ከአራት የልጅ ልጆቻቸው ተለይተዋል። ፀጉር ቤቱ ከሠልስት ማግስት በናርዶስ እጅ ይከፈታል።

እግዚአብሔር ከዚህ ወደዚያ መሻገሪያቸውን እንደ እጃቸው ሥራ የለሰለሰ፣ መስመር የማይታይበት ያድርግላቸው። አሜን።