እመት እና የአባባ ሆራ

ጥቅምት 6

የዘጠነኛ ክፍል ፈተና ሳርም ዋልኩ። "የእንቁራሪት ልብ ስንት ክፍል አለው?" ለሚለው አንዱ "ሁለት፤ ሳሎንና መኝታ ቤት" ብሎ መልሷል። ግማሽ ማርክ ሰጠሁት። የሮቤ ከተማን ኪራይ ቤት የሚያውቅ ልጅ ነው።

ከዚያ ለሁለቱ ጉዶች ትል ቆፈርኩ። ሩሲያዊቷ የባዮሎጂ አስተማሪ ኒና ወደ ጅማ ስትዛወር "አደራ ሞሚና" ብላ ከነመስታወት ሳጥናቸው ጥላብኝ ሄደች። የውሃ እንሽላሊቶች ናቸው። ጣት የሚያክሉ፣ ጥቁር፣ ሆዳቸው ብርቱካንማ። ከአገሯ ድረስ ይዛቸው የመጣች! ሰው ከውጭ ሲመጣ ቸኮሌት ያመጣል…

ወንዱን ካድሬው አልኩት። ቀኑን ሙሉ ጉሮሮውን ነፍቶ አፉን ይከፍታል፤ የሚወጣ ነገር የለም። ሴቷ እመት ናት። ድንጋይዋ ላይ ተቀምጣ ሰውን ከላይ እስከ ታች ታያለች። (ይህን ደብተር ሌላ ሰው ካየው ግን… አያየውም።)

አባባ ዛሬም በሳጥኑ አጠገብ ሲያልፉ "አኡዙ ቢላሂ" አሉ። ከዚያ ሳሉ።

ጥቅምት 9

ውርጭ። ጠዋት የባልዲው ውሃ ላይ በረዶ ጋግሮ አገኘሁ። ኒና "ሙቀት አይወዱም" ብላ ነበር። ምን አውቃ ነው? ፍጡር እንዴት በዚህ ውሃ ያድራል? በእኛ አገር እንግዳ የሚቀመጠው እሳት አጠገብ ነው። ከሰል አቀጣጥዬ ማንደጃውን ከሳጥናቸው ሥር አስጠጋሁላቸው።

ጥቅምት 14

ካድሬው አልበላም። ጀርባው ላይ ነጭ፣ ጥጥ የመሰለ ነገር በቅሎበታል። እመትም ጅራቷ ላይ ጀምሯታል።

ጎረቤቴ ሃጂራ መጥታ አየቻቸውና "ዓይን ነው" አለች።

"በእነዚህ ማን ይቀናል?"

"ሥራ ፈት መቼ ጠፋ?"

ከሰል ጨመርኩ።

ጥቅምት 17

ካድሬው ሞተ።

(እንዲህ ብሎ መጻፍ ስንት ዓመት ያስፈርዳል?)

ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስኩ። የድንቹ ማሳ ጥግ ቀበርኩት። ተመልሼ ሳጥኑን ለማጠብ እጄን ስከት ውሃው ለብ ብሏል። እግር መታጠቢያ! ቀቅዬዋለሁ እኮ። ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ ደግሞ። ማንደጃውን አውጥቼ ወረወርኩት፤ እግሩ ተሰበረ።

አባባ ጓሮ ድረስ መጡ። "ሞተ?"

"ሞተ።"

"በትምህርትሽ ገደልሽው። የታመመ እንስሳ ሆራ ይወርዳል። ሆራ ሳይጠጣ የዳነ ከብት አይተሻል?"

አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብት አርቢ ነበሩ። ያ ጨዋማ የምንጭ ውሃ ለእሳቸው የማያድነው ነገር የለም። ለራሳቸውም ሳል ይኸው ከረመዳን ጀምሮ እሱን ይጠጣሉ። ይከሳሉ። ሆስፒታል ሲባል ጆሯቸው አይሰማም።

ጥቅምት 18

ጠዋት አባባ ሳጥኑን ሲያዩ ቆዩ። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ለዚህች ከሆራ ላስመጣላት?"

"ጨው ነው፣ ይገድላታል።"

"እንግዲያው እንነጋገር። ጠጥታ ከዳነች፣ እኔንም ከሆራዬ ጋር ተዪኝ። ከሞተች፣ ወላሂ፣ ጎባ ሆስፒታል እሄድልሻለሁ።"

"ውርርድ ሐራም አይደል እንዴ?"

"ውርርድ ማን አለ? ስምምነት ነው።"

"ቶሌ፣ እሺ" አልኩ። ምን ነካኝ? የአባቴን ሳንባ በእንሽላሊት አስያዝኩ።

ጥቅምት 20

የአባባ ዘመድ ዋቆ አንድ ጀሪካን ሆራ በአህያ አመጣ። አባባ መጀመሪያ ቀምሰው "ይሄ ነው" አሉ። ለእመት በጣም በብዙ ውሃ አቅጥኜ ጨመርኩላት። ለራሳቸው በኩባያ ቀዱ። ሁለት በሽተኛ፣ አንድ ጀሪካን።

ጥቅምት 24

ለውጥ የለም። አባባ በየጠዋቱ ከሰላት በኋላ ሳጥኑ ላይ ጎንበስ ብለው "አደርሽ?" ይሏታል። አኡዙ ቢላሂ ቀርቷል።

መሐረባቸውን ራሳቸው ሲያጥቡ አየሁ። መቼ አጥበው ያውቃሉ? ጠጋ አልኩ። የእጥበቱ ውሃ ቀይ ነው።

"ምንድን ነው አባባ?"

"ነስር ነው። ሂጂ፣ ደወል ያመልጥሻል።"

አፍንጫቸው ግን ንጹሕ ነበር።

ጥቅምት 26

ጥጡ ረግፏል! እመት አንድ ትል ዋጠች። ጮቤ ረገጥኩ… ከዚያ ትዝ አለኝ።

ከዳነች አባባ አይሄዱም።

ሆራው ይሁን ያዳናት፣ ማንደጃው መውጣቱ ይሁን፣ ማን ያውቃል? ሳጥኑን በሻርፔ ሸፈንኩት። አባባ "እንዴት ናት?" ሲሉኝ "ብሷታል፣ ብርሃን አስጠልቷታል" አልኩ። አላህን ምን ብዬ ልለምን? ግደላት? ምን በደለችኝ? እወዳታለሁ እኮ፣ ይህችን ቀፋፊ። እጅጌዬን ሰብስቤ እጄን ውሃው ውስጥ ከተትኩ። ለምን እንደከተትኩ መጻፍ አልፈልግም። ጣቴ ላይ ወጥታ ቁጭ አለች። መለስኳት።

ጥቅምት 28

ከትምህርት ቤት ስመለስ አባባ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ጥምጣማቸውን አስረው በር ላይ ቆመዋል። ሻርፑ ተገልጧል። በከዘራቸው ወደ ሳጥኑ ጠቆሙኝ።

"ይኸው።"

ውሃው ላይ ስስ፣ ነጣ ያለ ነገር ተንሳፍፏል። ከነጅራቷ፣ ከነጣቶቿ። ጎንበስ ስል… ቆዳዋ ነው! ይቀይራሉ፤ ኒና አንዴ አሳይታኛለች። እሷ ራሷ ከድንጋዩ ሥር ዓረፋ ደርሶ አዲስ ልብስ የተገዛላት መስላ ታየኛለች።

"ኢና ሊላሂ" አልኩ፣ የሞተች አስመስዬ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ዓይኔን እንኳ አላሸሁም።

"እንሂድ" አሉ አባባ። ለጎባው አውቶቡስ ደረስን።

ጥቅምት 30

የሳንባ ነቀርሳ። ዶክተሩ "ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ…" ብሎ ተወው። እኔም አላስጨረስኩትም። አባባ አልጋ ያዙ። በየቀኑ መርፌ።

እመትን ሃጂራ ጋ ደበቅኳት፤ ሰው መጥቶ አይቶ ለአባባ እንዳይነግርብኝ። ሃጂራ "ቤቴ ውስጥ አንዴ ካሳላት እደፋታለሁ" ብላለች።

ኅዳር 11

አባባ መብላት ጀመሩ። ምግቡ ጨው የለውም ብለው ከነርሷ ጋር ተጣልተዋል። አልሐምዱሊላህ።

ኅዳር 25

ብርቱካን እየላጥኩላቸው ነበር። ጉንጫቸው ሞላ ብሏል። ድንገት፣

"ለመሆኑ ትል ማን ይቆፍርላታል?" አሉ።

"ለማን?"

"ለሴትዮሽ።"

አባባ ረጋ ብለው አንድ ቁራጭ ብርቱካን ጎረሱ።

"ስንት ዘመን እንስሳ ይዤ የሞተና ያልሞተ አልለይም? ከድንጋዩ ሥር ዓይን ለዓይን ተያይተናል።"

"ታዲያ ወላሂ ብለው አልነበር?"

"ከሞተች እሄዳለሁ ብዬ ማልኩ። ከዳነች አልሄድም ብዬ መቼ ማልኩ? ያኔ ተዪኝ የተባልሽው አንቺ ነሽ። አልተውሽኝም፣ ምን ላድርግ? ደግሞ እኔ 'ይኸው' ነው ያልኩት። ኢና ሊላሂ ያለችው ማን ናት?"

እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ነርሷ ገብታ ተቆጣችን።

ነርሷ ስትወጣ አባባ ወደ ግድግዳው ዞሩ። "ደሙን ካየሁ ጀምሮ ፈርቼ ነበር" አሉ። "ሄጄ መታየት ፈለግሁ። ይህን ያህል ጊዜ እምቢ ብዬ በምን አፌ እንሂድ ልበልሽ?"

አባባ ፈራሁ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። እጃቸውን ያዝኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይነጥቁኝ ነበር። ተዉልኝ። ቢሞቱብኝ ምን እንደምሆን ሳስብ የከረምኩትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

በሩ ላይ ስደርስ ጠሩኝ።

"ያንን የተረፈውን ሆራ እንዳትደፊው።"

"አባባ! አሁንም ሊጠጡ ነው?"

"ለእሷ ነው" አሉ። "እኔ መርፌ አለኝ።"