በእኔ ስም የተገኘው ካርድሽ

ለልጅ ልጄ ለይታይሽ ባየህ፣

የቁሐሩ ሚካኤል በክንፉ ይከልልሽ። እኛ ደኅና ነን። ሩዙ ውኃ ጠግቧል፤ አዲሷ ጥጃ እንዳንቺ ሆዳም ናት።

ለመስከረም የቀጠረሽ ሐኪም፣ በሰባት ዓመትሽ ተወግተሽ ያበጥሽበትን መርፌ ስም ሳላውቅ ቀዶ ሕክምና አላደርግም አለ አይደል? ከወረታ መኪና ይዤ ያኔ ወደታከምሽበት ሆስፒታል ሄድሁ።

የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ፈልጋ ፈልጋ፣ «አባባ፣ ይታይሽ ባየህ የሚል የለም። ባለቤቱ ብዙ ዓመት ካልተመለሰ ካርዱ ይወገዳል» አለችኝ።

ልወጣ ስል ትዝ አለኝ። ያን ቀን አዝዬ የወሰድሁሽ እኔ ነኝ፤ የማን ልጅ ናት ሲሉኝ «የእኔ!» ብያለሁ።

«እስቲ ይታይሽ ይሄይስ ብለሽ ፈልጊ» አልኋት።

ሊወገድ ከታሰረው ክምር ውስጥ ተገኘሽ! መርፌው ፔኒሲሊን ነው። ቅጂውን አብሬ ልኬያለሁ፤ ለሐኪሙ አሳዪው።

አባትሽ ሰምቶ፣ «አባዬ፣ ልጄን ቀሙኝ እኮ!» አለ። «ወረቀት ካለህ አምጣ» አልሁት።

የሚያክምሽን እጅ እግዚአብሔር ይባርከው። ሲሻልሽ ግን ብቅ በይ፤ እኔም ብዙ ዓመት የተቀመጥሁ ካርድ ነኝ፣ ሳትመጪ እንዳልወገድ።

በካርዱ አባትሽ፣
አያትሽ ይሄይስ