ሳህኖቹን እንዳትነካቸው

ወንድም ጋሼ፣

የመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ ደጅ ላይ ጥሩምባውን እየነፋብኝ ስለሆነ በአጭሩ ልንገርህ። ሲንኩ ውስጥ ያሉትን ሳህኖች እንዳትነካቸው። አንዲት ብርጭቆ እንኳን!

ከልጅህ ጋር ውላችን ምን ነበር? ሚጣ ከራት በፊት ሳህን ታጥባለች፤ እኛ ደግሞ እስከዚያ አንነዘንዛትም። እጇን ጨብጠህ «እሺ» ብለሃታል። ታዲያ ትናንት እሳት ለብሰህ እሳት ጎርሰህ ገባህና ድስቱን እያንኳኳህ ራስህ አጠብከው። «እዚህ ቤት ልጅ አለ እንዴ?» እያልክ። ኧረ ራት እኮ ገና ነበር! ዞር ብትል ኖሮ እጅጌዋን ሰብስባ በሩ ላይ ቆማ ታያት ነበር።

ዛሬ ጠዋት ጫማዋን እያሰረች ምን አለችኝ መሰለህ?

«አጎቴ፣ ውሉ ይቅርብኝ። አባዬ ራሱ ያጥባላ።»

እኔም «አባትሽ ከእንግዲህ ቃሉን ይጠብቃል» አልኳት። ምን ላድርግ፣ ዋስ ሆንኩህ።

ትናንት እሷ ፊት የጮህኩብህ ልክ አልነበረም። ያልኩህ ነገር ግን...
እሱን ተወው።

ማታ ስትገባ መጀመሪያ ይቅርታ በላት። ከዚያ እጅህን አጣጥፈህ ቁጭ በል። ብትዘገይም ትንፍሽ እንዳትል፤ ሲርብህ ውሃ ጠጣ። ይሄ ካቃተህ ከነገ ጀምሮ የሳህኑ ሥራ ያንተ ነው፤ እሷን ግን ሰነፍ ስትላት እንዳልሰማ።