«አልዳንኩም» ያልኩበት እሑድ

ሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን

ለጭራሮዬ፣

አሁን ወፍረሽም ከሆነ ለእኔ ያው ጭራሮዬ ነሽ። እንዴት ነሽልኝ? ሳሉስ ለቀቀሽ? «እኛ ደህና ነን» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

አባትሽ ደህና ነው። እኔም ስፌት ቤት እሄዳለሁ፤ መቀስ ግን መያዝ አቅቶኛል። ቀኝ ክንዴ አብጦ እጅጌ አልገባ ስላለኝ፣ አለቃችን ከጨርቅ ቆረጣ አንስታ ቁልፍ ትከላ ላይ አስቀምጣኛለች። ምን ሆነሽ ነው ሲሉኝ ተኝቼበት ነው እላለሁ። እንዲህ ያለ እንቅልፍ ከየት ተገኝቶ!

ልጄ፣ አምና ጡቴ ከተቆረጠ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ የመሰከርኩትን ቀድተን ልከንልሽ ነበር። ጌታ ፈወሰኝ ስል ሰምተሽ፣ በስልክ በደስታ አለቀስሽ፤ ልትመጪ የነበረውንም ተውሽው። ያኔ አልዋሸሁም። ድኛለሁ ብዬ አምኜ ነበር። ከዚያ ወዲህ መጋቢያችን በየጉባኤው ይዞኝ ዞረ። የታመመ ሁሉ እጅሽን ጫኚብኝ ይለኝ ጀመር።

ክረምቱ ሲወጣ ጠባሳው ሥር እብጠት ወጣ፤ ውሎ አድሮ ቆሰለ። ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠግታ፣ ካሁን በኋላ ከሕመም ማስታገሻ በቀር የማዝልሽ የለኝም አለችኝ። ለመጋቢው ነገርኩት። ከልቡ ጸለየልኝ። ሲጨርስ ግን ለሰው እንዳልናገር ለመነኝ፤ በእምነት ያልጠኑ ይሰናከላሉ አለ። አባትሽም፣ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አይደል፣ የእሱኑ ቃል ደገመልኝ።

ትናንት አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞልቶ እንደገና ጠሩኝ። ፊት ወንበር ላይ አንዲት ወጣት እናት ሕፃኗን አቅፋ ተቀምጣለች። ራሷን በሻሽ አስራለች፤ ቅንድቧ ረግፏል። የእኔን ምስክርነት ሰምታ ሕክምናዋን እንዳቋረጠች አጠገቤ የነበረችው ዘማሪ ሹክ ብላኛለች። እንዴት አድርጋ እንዳየችኝ ብነግርሽ! የለመድኩትን ቃል ተውኩት።

«አልዳንኩም» አልኩ። «ተመልሶብኛል። ቆስሏል፤ ይሸታል። እግዚአብሔርን እጠራዋለሁ፣ አይመልስልኝም። ሌላ የምጠራው ግን የለኝም። ምስክር ያየውን ነው የሚናገረው፤ እኔ ያየሁት ይሄን ነው። አንቺ እህቴ፣ ወደ ሐኪምሽ ተመለሺ።»

መጋቢው ማይኩን ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰደና ዘማሪዎቹን አስነሳ። ልጅቷ ሕፃኗን ታቅፋ ወጣች። ተከትዬ ብወጣ መንገዱ ላይ አጣኋት። ሐኪም ዘንድ ትሂድ፣ ወይ ሌላ ፈዋሽ ፍለጋ፣ አላወቅሁም። ከቁስሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

እውነት ነፃ ያወጣል ሲባል እኔም እቀልላለሁ ብዬ ነበር። አልቀለልኩም። ደጄን ያጣበቡት ሁሉ ዛሬ ብቅ አላሉም። አምላኬን አልካድኩም ልጄ፤ ግን ጸሎቴ ከአፌ ወጥቶ እዚያው እግሬ ሥር የሚወድቅ ይመስለኛል።

አባትሽ ትናንት ራቱን ለብቻው በላ። ዛሬ ጠዋት ፋሻውን ስቀይር ሳያንኳኳ ገባ። እስከ ዛሬ ቁስሉን አይቶት አያውቅም ነበር። አየው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ከዚያ ጥጡን ከእጄ ተቀበለኝ። አያውቅበትም፤ አሳመመኝ፤ እንዲጨርስ ተውኩት።

አንቺ አደራ፣ ተመርመሪ። ጸልዪም፣ ተመርመሪም። የጤና ነገር ነገ ዛሬ አይባልም።

ሥራሽን ጥለሽ ነይ አልልሽም። እንጀራሽ ነው። አባትሽ ግን ስጽፍልሽ አይቶ፣ ፈቃድ ብትጠይቅ ቶሎ ይሰጧት እንደሆነ ጠይቂልኝ ብሏል። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

እኔን የረሳኝ የሚመስለኝ አምላክ አንቺን አይርሳሽ። ወጥተሽ በሰላም ግቢ፤ የሚያቅፍሽ ሰው አትጪ።

እናትሽ