አራት ሰከንድ ስለሚታገሠው አዲሱ መምህር

ለተከበሩ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና ይሁን። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት የጠመኔ ብናኝ የማግኩ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። «ዲፕ ለርኒንግ» በሚሉት፣ ከብዙ ናሙና ራሱ በሚማርበት ዘዴ የሠለጠነ፣ የተማሪን ንግግር አዳምጦ ራሱ ውጤት የሚሰጥ ኮምፒውተር ስለላኩልን፣ ምስጋናዬ ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ ቢያስቸግረኝ በጽሑፍ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፣ ስልሳ አራት ተማሪ ለታጨቀበት፣ መስኮቱ ለማይዘጋ ክፍል አንድ ማይክሮፎን ስለሰጡን እናመሰግናለን። ከጎናችን ያለው ጋራዥ ብረት ሲቀጠቅጥ ኮምፒውተሩ አዳምጦ፣ አፏን ላልከፈተች ተማሪ ከአርባ ሠላሳ ስድስት ሰጥቷታል። ይበል የሚያሰኝ ነው።

ሁለተኛ፣ ስትናገር የምትንተባተብ ተማሪ አለችኝ። በክፍላችን ደንብ፣ እሷ ለመናገር ስትነሣ ሁሉም እስክሪብቶውን ያስቀምጣል፤ ቃሏንም ማንም አይጨርስላትም። በዚህ ደንብ ሁለት ዓመት ቆይታ፣ ባለፈው ወር ስለ አባቷ ልብስ ስፌት በእንግሊዝኛ ተናግራ ስትጨርስ ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ፤ እኔም እንባዬን የጠረግኩት ወደ ሰሌዳው ዞሬ ነው። የእርስዎ ኮምፒውተር ግን አራት ሰከንድ ዝም ያለን ሰው «አልመለሰም» ብሎ ይዘጋል። ሦስት ጊዜ ዘጋባትና ዜሮ ሰጣት። በዚህ ዜሮ ምክንያት ለመልቀቂያ ፈተና አትመዘገብም ተባለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ትምህርት ቤት አልመጣችም፤ እናቷ እንደነገሩኝ ቤት ውስጥም መናገር ትታለች።

ሦስተኛ፣ እግሬ እስኪቀጥን ቢሮዎ ተመላልሼ ስላገኘሁት መልስ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ባለሙያዎ፣ ማሽኑ ከብዙ ሺህ ሰዎች ድምፅ ስለተማረ እንደማይሳሳት አስረዱኝ። ከእነዚያ ሺዎች መካከል የሚንተባተብ ነበር ወይ ብዬ ብጠይቃቸው፣ ጠረጴዛቸው ላይ አፍጥጠው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። እኔ ግን ጠበቅኳቸው፤ ዜሮም አልሰጠኋቸውም።

ክቡር ሆይ፣ መሣሪያውን አልጠላሁትም፤ ቃል ያለማምድ፣ ድምፅ ያሰማ፣ ይሁን። ልጅ ላይ ሲፈርድ ግን ደሜ ይፈላል! ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል። ጆሮ ያለው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይስማት፤ ሌላ አልለምንም።

በማሽን እስክተካ ድረስ ከአክብሮት ጋር ታዛዥዎ የሆንኩ፣
የእንግሊዝኛ መምህሩ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጆችዎ በሚማሩበት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የሚፈትነው ዛሬም ሰው መሆኑን የቢሮዎ በር ጠባቂ አጫውቶኛል። እንኳን ደስ ያለዎት። ዓርብ ጠዋት ያንን ሰው ለአንድ ሰዓት ያውሱን።