የተላገው ጠረጴዛና የጋላክሲዎቹ ግጭት

እሑድ፣ ከምሳ በኋላ

ለውዷ ልጄ፣ ለኩርፊያ ንግሥቷ፣

እንዴት ከረምሽ? ጉንፋኑስ ለቀቀሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ትንሽ ይነጫነጫል እንጂ ሌላው አካላቴ ታዛዥ ነው። ስልኬን ማንሳት ስለተውሽ መጻፍ ይሻላል አልኩ። ደብዳቤ እንደሆነ መሃል ላይ ጆሮዬ ላይ አይዘጋም።

"ያንን ሰውዬ ካገባሽ ከአባቴ ምን ይተርፋል?" ብለሽ ነው የዘጋሽብኝ። አሁን መልሱን ያገኘሁት ይመስለኛል፤ ያገኘሁትም ካንቺው ነው። አንብበሽ ፍረጂ።

መጀመሪያ ክፉውን ወሬ ልንገርሽና ይውጣልኝ። "ያንን ሰውዬ" ያልሽው አናጺ የአባትሽን የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛ ላገው። አዎ፣ ያንኑ! አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሜትር ፍለጋ ጊዜ እንዳይፈጅ ብሎ በጠርዙ ላይ መለኪያ በቢላ ጭሮበት እንደነበር ታውቂያለሽ፤ አንቺም ቁጥር የተማርሽው በነዚያ ጭረቶች ላይ በጣትሽ እየሄድሽ ነው። የልብስ ስፌት ሱቄን ለእሱ ትቼ ክር ልገዛ ወጣ ብዬ ስመለስ ጠረጴዛው እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ጭረት የሚባል የለም። እሱ እጁን በሽርጡ እየጠረገ፣ ፊቱ በደስታ በርቶ፣ "ጠርዙ ተጫጭሮ ጨርቅሽን ይዞ እንዳይቀድብሽ ብዬ አስተካከልኩልሽ" አይለኝም!

አናጺ ጭረት ሲያይ ከማስተካከል ሌላ ምን ያውቃል? ይሄ አሁን ነው የገባኝ። ያኔማ ደሜ ፈላ። "ባሌን ነው የላግከው!" አልኩት። ሰውየው ክው አለ። መላጊያውን አንስቶ ወጣ። እኔም "ልጄ እውነቷን ነበር፣ ይሄ ጋብቻ ይቅር" ብዬ ቆረጥኩ። ከዚያ በኋላ በሱቄ በኩል ሲያልፍ እንኳ ቀና ብሎ አያይም ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት እናቱ መጡ። ሊያስታርቁን የመጡ መስሎኝ ፊቴን አጠቆርኩ። አሮጊቷ ግን የልጃቸውን ስልክ ከቦርሳቸው አውጥተው፣ "ይቺ ያንቺ ልጅ አይደለች? ልጄ ምሳውን ትቶ እሷን ሲሰማ ይውላል። እኔ ምኑም አልገባኝ፤ እስኪ አስረጂኝ" አሉ። ስለ ሰማይ ምርምርሽ በእኛ ቋንቋ ለሬዲዮ የሰጠሽው ቃለ ምልልስ ነው። ለካስ ስትመጪ የሚያጫውትሽ ነገር እንዳያጣ እያጠና ኖሯል!

ድምፅሽን ስሰማ እንባዬ ቀደመኝ። በጣም ሩቅ ሰማይ ላይ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጋላክሲዎችን የያዙ ሁለት ክምችቶች ሄደው ይጋጫሉ ስትይ አሮጊቷ "ውይ በሞቴ! ያ ሁሉ ኮከብ ተፈጨ?" አሉ። የሰማሻቸው ይመስል፣ በመካከላቸው ያለው ቦታ ሰፊ ስለሆነ ጋላክሲዎቹ አብዛኞቹ ሳይነካኩ ይተላለፋሉ፤ ተጋጭቶ የሚግለውና መሃል ላይ የሚቀረው በየመካከላቸው የሞላው ጋዝ ነው አልሽ። "ይሄ ጋዝ የተባለው እኔና ልጅዎ ነን" አልኳቸውና ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን።

ቀጥለሽ ግን አንድ ሌላ ነገር አነሳሽ። በዓይንም በመነጽርም የማይታይ ቁስ አለ፤ ዋናው ክብደት የእሱ ነው፤ ግጭቱም ሳያቆመው አልፎ ይሄዳል አልሽ። ጠያቂው "ካልታየ መኖሩን በምን አወቃችሁ?" ቢልሽ፣ "ከጀርባው የሚመጣውን ብርሃን ስለሚያጎብጠው" ብለሽ መለስሽ። ያቺን መልስሽን ሁለቴ አስደግሜ ሰማኋት።

በማግስቱ ለአንዲት አስተማሪ ኮት ልቆርጥ ጨርቁን ዘረጋሁ። ሜትሩ የት እንደገባ እንጃ፣ አጣሁት። እሷ ቸኩላለች። እንደ ልማዴ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ እጄን ሰደድኩ፤ ለካ ለስላሳ ነው፣ ምንም የለም። ቢሆንም እጄ የእጅጌው ቁመት ጋ ሲደርስ ራሱ ቆመ። ቆረጥኩ። ሜትሩ ከጨርቁ ስር ሲገኝ ብለካው ልክ ነው! ወገቡን ቆረጥኩ፤ እሱም ልክ። ልጄ፣ ያን ጠረጴዛ ማንም ቢልገው አባትሽን አያገኘውም። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። አስተማሪዋ ደንግጣ "ጨርቄ ተበላሸ እንዴ?" አለች።

ሱቄን ዘግቼ አናጺው ጋ ሄድኩ። ሲያየኝ የኤሌክትሪክ መጋዙን አጠፋ። "ልኩን ንገሪኝና ጭረቶቹን መልሼ ልጫራቸው" አለኝ። "ተወው፣ እኔ ጋ አሉ" አልኩት። በዚሁ ታረቅን። ሲሸኘኝ ግን ቀስ ብሎ "ልጅሽስ?" አለኝ። "እሷን እንጃ" አልኩት። "እንግዲያው እሷ ሳትመጣ የሠርጉን ቀን አንቁረጥ። ስትመጣ ከፈለገች ፊት ለፊት ትስደበኝ፤ ብቻ ትምጣ" አለ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። በዚያ ቃለ ምልልስ ላይ ጥያቄ በመጣ ቁጥር፣ ከመመለስሽ በፊት "እስኪ ቀስ ብለን እንየው" ትያለሽ። ልብ ብለሽው ታውቂያለሽ? አባትሽ መቀሱን ጨርቅ ላይ ከማሳረፉ በፊት የሚላት እሷን ነበር፤ በዚያችው ድምፅ፣ በዚያችው እርጋታ። ካንቺ ስሰማት መተኪያ የሌለው ሰው ከጎኔ የቆመ መሰለኝ። ከአባቴ ምን ይተርፋል ብለሽ የጠየቅሽኝ አንቺ ነሽ እኮ፣ የኔ ሞኝ!

ሰማዩ ይጥራልሽ፤ የምትፈልጊውን ያሳይሽ። በሰላም ግቢ፣ በሰላም ውጪ። የሰው ፊት አይክበድሽ።

ቀኑን አንቺ ቁረጪልን።

እናትሽ